ውዳሴ ለብርቅዬ ግቦች፤ ከመተማ በር

ኳስ ሆይ፣ ጫፍም ጥግም የሌለሽ፣ ባለ ጸጋውም ለአጨዳ የወረደው የጉልበት ሠራተኛ፣ ሳሉጉም እኩል ብድግ የሚልልሽ፣ ዘጠና ደቂቃ ተንከባልለሽ ዘመን የምታስወሪ ሆይ፤ ከጓንግ ወንዝ ዳርቻ፣ ከሰሊጥ ማሳ ጥግ፣ የዕጣን ዛፍ ተፍቆ ሙጫውን ከሚያነባበት ከምዕራብ ጎንደር ቆላ ይህ ውዳሴ ይድረስሽ። ጀግና ፎካሪ አለው፤ መኳንንት አዝማሪ አላቸው፤ ታቦትም ካህናቱ በዝማሬ ይከቡታል። አንቺ ግን በየሜዳው ጩኸት እንጂ በወግ በማዕረግ ቆሞ ያመሰገነሽ ጥቂት ነው። ዛሬ ግን ወግ ይድረስሽ፤ ካባ ይደረብልሽ፤ ስምሽ ከነሙሉ ክብሩ ይጠራ።

አንቺም ስሚ፣ መተማ ሆይ። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁብሽ፣ ስማቸውንም ከስምሽ አጋብተሽ መተማ ዮሐንስ የተባልሽ፤ መይሳው ካሳ የበቀለባት ቋራ በደቡብሽ፣ አርማጭሆ በሰሜንሽ የቆሙልሽ፤ በአንዲት አጭር ድልድይ ማዶ ጋላባትን ከደጅሽ ቆመሽ የምታዪ የአገር በር ሆይ። ታሪክ ጸሐፊው ሲመጣ ጦርሽን ይጽፍልሻል። ነጋዴው ሲመጣ የጥጥሽንና የሰሊጥሽን ኩንታል ይቆጥርልሻል። በዚህ በር አቅጣጫ ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ኦምዱርማን የተመላለሰውን የኳስ ዝና ግን ማን ቆጠረልሽ? ኢትዮጵያ በእግር ኳስ ያየቻቸው ብርቅዬ ነገሮች ሲመረመሩ ብዙዎቹ ወደ አንቺ ማዶ ይመራሉ። የመጀመሪያው ፍጻሜያችን ሱዳን ነው። የመረረው ሽንፈታችን ሱዳን ነው። ከአፍሪካ ዋንጫ ርቀን ከኖርንበት ከሠላሳ አንድ ዓመት ግዞት የተመለስንበትም በር ሱዳን ነው። ስለዚህ ውዳሴው ከመሐል አገር ሳይሆን ከአንቺ ደጃፍ ቢነሣ ተገቢ ነው፤ የሚከፋው ካለ እዚያው አዲስ አበባ ሆኖ ይከፋ።

ነገሩ በየካቲት 1949 ዓ.ም. ይጀምራል። የካቲት 1 ቀን ካርቱም ላይ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ተገናኝተው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መሠረቱ፤ በዚያው ሰሞን የመጀመሪያውን የአፍሪካ ዋንጫ ሊጫወቱም ተዘጋጁ። ደቡብ አፍሪካ ግን ወይ ነጮች ብቻ፣ ወይ ጥቁሮች ብቻ የሆኑበት ቡድን እንጂ የተቀላቀለ አልልክም አለች። ከውድድሩም ወጣች። የግማሽ ፍጻሜ ተጋጣሚዋ ኢትዮጵያ ነበረች። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ኢትዮጵያ አንዲት ኳስ ሳትለጋ፣ ከአንድም ተጫዋቿ ግንባር የላብ ጠብታ ሳይወርድ፣ በአህጉሩ የመጀመሪያ የዋንጫ ፍጻሜ ላይ ተገኘች። ሌላው ለዚያ ማዕረግ ደም ይተፋል፤ የእኛ ሰዎች ግን መለያቸውን አጣጥፈው እንደያዙ ደረሱ። እኔ ይህን እንደ ነውር አላየውም። የዘር መድልዎን አሻፈረኝ ባለ ማኅበር ውስጥ ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረ አገር የተቀበለው ደመወዝ ነው እላለሁ።

ደመወዙ ግን ወዲያው ተመነዘረ። የካቲት 9 ቀን በተደረገው ፍጻሜ ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችን፤ አራቱንም ጎል ያገባው አንድ ሰው ነው። መሐመድ ዲያብ አል-አታር ይባላል፤ ሕዝቡ ዲባ ይለዋል። ዲባ ሆይ፣ የገፋኸንን ሳንረሳ እናወድስሃለን! ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ ጥር 12 ቀን 1960 ዓ.ም. በቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ስድስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ አዲስ አበባ ላይ ሲደረግ፣ ኮንጎ ኪንሻሳ ጋናን 1 ለ 0 ስታሸንፍ፣ ፊሽካውን በአፉ ይዞ መሐል ሜዳ የቆመው ዳኛ ማን ይመስላችኋል? ያው ዲባ ነው። በመጀመሪያው ፍጻሜ ኢትዮጵያን በአራት ጎል የቀጣ ሰው፣ በኢትዮጵያ መዲና ፍጻሜ ይዳኝ ዘንድ ተጠራ፤ እኛም ሻይ አፍልተን ተቀበልነው። በጎል አግቢነት አንድ ፍጻሜ፣ በዳኝነት ሌላ ፍጻሜ፤ ሁለቱንም አክሊል የደፋ ጭንቅላት ብርቅ ነው።

እዚህ ላይ የቆላው ሰው ይፍቀድልኝና ባሕር ልሻገር። በዚያው በ1949 ዓ.ም.፣ ካርቱም ላይ እግር ኳሳችን ገና ሳይቀመጥ ከአራት ወር በፊት፣ መስከረም 28 ቀን ኒው ዮርክ ውስጥ የቤዝቦል ሰዎች እስከ ዛሬ የሚማማሉበት ነገር ተፈጽሟል። ቤዝቦል ለመተማ እንግዳ ነው፤ የገናን ጨዋታ ለሚያውቅ ግን ፈጽሞ ባዕድ አይሆንም፤ ዱላ አለ፣ ሩር አለ፣ ሩጫ አለ። ወርዋሪው ይወረውራል፤ መቺው በዱላ ይመታል፤ ከመታ በኋላም ማረፊያዎቹን እየረገጠ ዞሮ ወደ መነሻው ለመመለስ ይሮጣል። በዚያን ቀን የያንኪስ ወርዋሪ ዶን ላርሰን ከብሩክሊን ዶጀርስ የተሰለፉለትን 27 መቺዎች አንዱንም የመጀመሪያዋን ማረፊያ ሳያስረግጥ በተራ አሰናበታቸው። ይህን ፍጹም ጨዋታ ይሉታል፤ ዎርልድ ሲሪዝ በሚባለው የታላቁ ዋንጫ ፍልሚያ ታሪክ ውስጥ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም ሌላ ፍጹም ጨዋታ የለም። የ1949 ዓመት ሆይ፣ ምን ያለ ዓመት ነበርሽ! በአንዱ አህጉር ማንም ያልደረሰበት ወርዋሪ፤ በሌላው አህጉር ማንንም ሳይገጥም ፍጻሜ የደረሰ ቡድን።

ከቤዝቦል ሳልወጣ አንድ ሌላ ብርቅ ላንሣ፤ ይህኛው ከነሕመሙ የእኛው ነው። ፋሺስት ጣልያን አገራችንን በወረረበት ዘመን፣ ነጮቹ ከሊጋቸው ያገለሏቸው ጥቁር አሜሪካውያን የራሳቸውን ቤዝቦል ሲጫወቱ፣ ከማያሚ የተነሣ አንድ ተጓዥ ቡድን የኢትዮጵያን ስም ለበሰ፤ ኢትዮጵያን ክላውንስ ተባለ። ክላውን ቀልደኛ ማለት ነውና ተጫዋቾቹ ፊታቸውን ቀብተው፣ ተመልካቹን እያሳቁ ይጫወቱ ነበር። ከጥቁሮቹ ጋዜጦች ጸሐፊዎች መካከል ቧልቱንም ስሙንም አጥብቀው የነቀፉ ነበሩ፤ እኔም ከነቃፊዎቹ ወገን ነኝ። አርበኛው በየዱሩ እየተዋደቀ ስሙ በሌላ አገር ለሳቅ ሲውል አያምርም። በ1935 ዓ.ም. ቡድኑ ወደ ጥቁሮቹ ሊግ ሲገባ የኢትዮጵያን ስም ተወ። ቡድኑ ግን ቀጠለ፤ ኢንዲያናፖሊስ ክላውንስ በሚል ስም በ1944 ዓ.ም. አንድ ቀጭን ጎረምሳ አሰለፈ፤ እሱም ሃንክ አሮን ነው። አሮን በመጋቢት 1966 ዓ.ም.፣ እኛ አብዮት ስናፈላ፣ የቀድሞውን መቺ የቤብ ሩትን የ714 ሆምረን፣ ኳሷን ከአጥር ማዶ የመምታት፣ ክብረ ወሰን ሰብሮ አለፈ። በ1945 ዓ.ም. ደግሞ ያ ቡድን ቶኒ ስቶን የተባለች ሴት ከወንዶቹ እኩል አሰልፏል። ስማችንን ያቃለለ ቡድን እንዲህ ያለ ፍሬ ማፍራቱን እያየሁ ምሬቴ ትንሽ ይለዝባል፤ ጨርሶ ግን አይለቅም።

አሁን ተነሡ፤ ባርኔጣም ነጠላም ይስተካከል፤ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ሊጠራ ነውና።

ዕለቱ እሑድ ነበር፤ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ቀን። ከጥምቀት ሦስተኛው ቀን፤ ጎንደር የፋሲለደስን መዋኛ ያጥለቀለቀው ሕዝብ ገና ወደየቀዬው እየተበተነ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ውስጥ ግን ሕዝቡ ገና እየተሰበሰበ ነው። ጃንሆይ በሰገነታቸው ተቀምጠዋል። ቴሌቪዥን ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1957 ዓ.ም. ነውና ያን ቀን ያየ ሁሉ በገዛ ዓይኑ ያየ ነው፤ ሌላው አገር በሙሉ የሰማው በጆሮው ነው። የኢትዮጵያ ተጋጣሚ በሁለቱም ያለፉ ዋንጫዎች የነገሠችው ግብፅ፤ በመጀመሪያው ፍጻሜ አራት የቆጠረችብን፣ በ1951 ዓ.ም. ካይሮ ላይም አራት የደገመችብን ግብፅ። በ35ኛው ደቂቃ ባዳዊ አብደል ፈታህ አገባ። ሕዝቡ ዝም አለ። የዕረፍት ፊሽካ ተነፋ፤ ሁለተኛው አጋማሽ ተጋመሰ፤ ሰዓቱም አለቀ አለቀ ተባለ። በ74ኛው ደቂቃ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ! ባርኔጣው ገና ከሰማይ ሳይመለስ፣ በ75ኛው ደቂቃ ያው ባዳዊ ደገመ። ደስታ አንድ ደቂቃ ዕድሜ ያገኘበት ስታዲየም ይህ ነው። ስንቱ ቡድን እዚያ ላይ ይሰበራል? ብዙ አይቻለሁ፤ አቻ ሆኖ ወዲያው ጎል የሚቆጠርበት ቡድን ጉልበቱ ይከዳዋል። ሉቺያኖ ቫሳሎ ግን አልተከዳም። በ84ኛው ደቂቃ አምበሉ ራሱ አቻ አደረጋት።

ሉቺያኖ ሆይ፣ የአስመራ ልጅ፣ በድሬዳዋ የጥጥ ፋብሪካ ቡድን የገነንህ፤ ጥጥ አብቃይዋ መተማ በዚህ ላይ ትንሽ ብትኮራ አልፈርድባትም። ጨዋታው ወደ ተጨማሪ ሰዓት ገባ። በ101ኛው ደቂቃ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ መራች፤ ያገባውም ኢታሎ ቫሳሎ ነው፤ የአምበሉ ታናሽ ወንድም። ታላቅ አቻ ያደረገውን ታናሽ ወደ ድል ገፋው፤ በአንድ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ በአንድ ማሊያ፣ ሁለት ወንድማማቾች። በ117ኛው ደቂቃ የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመረና ነገሩን ዘጋው። 4 ለ 2! በግማሽ ፍጻሜ ቱኒዚያን የሸኘንበት ውጤትም 4 ለ 2 ነበር፤ ኢትዮጵያ ያን ዋንጫ በሁለት ጨዋታ፣ በአንድ ዓይነት ቁጥር ወሰደችው። መንግሥቱና ባዳዊ እኩል ሦስት ሦስት ጎል አግብተው የውድድሩን ከፍተኛ አግቢነት ተካፈሉ። ጃንሆይም ዋንጫውን በእጃቸው ለአምበሉ ሰጡት። ሉቺያኖ በ2015 ዓ.ም. መባቻ በጣልያን ምድር አረፈ፤ ዋንጫውን ከንጉሡ እጅ የተቀበለበት ፎቶግራፍ ግን እስከ ዛሬ ከእያንዳንዱ የስፖርት ዝግጅት አይጠፋም። ከዚያ ወዲህ አገሪቱ ሌላ የአፍሪካ ዋንጫ አላነሣችምና የሚተካው ፎቶግራፍም የለም።

ያን ቡድን ያሰለጠኑት ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። እሳቸውን እንደ አሰልጣኝ ብቻ ማመስገን ግን ባሕርን በእንስራ መለካት ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ አጥቂ፣ የኮንፌዴሬሽኑ መሥራች፣ ከ1964 ዓ.ም. እስከ ሞቱበት እስከ 1979 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ፕሬዚዳንት፤ የአፓርታይድ አገዛዝ ከዓለም ስፖርት እንዲገለል ከታገሉት ግንባር ቀደሙ። ካርቱም ላይ ደቡብ አፍሪካ ከደጅ ስትመለስ እዚያው ነበሩ፤ ደጁ ሲከፈት ግን አላዩም። ማንዴላ ከእስር ወጥተው ደቡብ አፍሪካ ወደ ውድድሩ በተመለሰችበት በ1988 ዓ.ም.፣ በመጀመሪያ ተሳትፎዋ፣ በገዛ ሜዳዋ ዋንጫውን አነሣች። በዚህም አራቱ መሥራቾች ቀለበቱን ዘጉት፤ ግብፅ በ1949፣ ኢትዮጵያ በ1954፣ ሱዳን በ1962፣ ደቡብ አፍሪካ በ1988። ካርቱም ላይ በአንድ ጠረጴዛ የተቀመጡት አራቱም፣ አንድም ሳይቀር፣ ዋንጫውን ስመዋል።

የሱዳኗ 1962 ስትነሣ የእኛ ጥርስ ይፋጫል። በዚያ ዓመት የካቲት ሱዳን ባዘጋጀችው ውድድር አይቮሪ ኮስት 6 ለ 1 ረታችን፤ ከስድስቱ አምስቱን ያገባው ሎራን ፖኩ ነው። በአፍሪካ ዋንጫ ታሪክ በአንድ ጨዋታ አምስት ጎል፤ እስከ ዛሬ ያልተሰበረ ክብረ ወሰን በእኛ ጀርባ ላይ ተጽፏል። ፖኩ ከሁለት ዓመት በፊት እኛው ባዘጋጀነው ውድድር በስድስት ጎል ከፍተኛ አግቢ ሆኖ ነበርና የአገሩ ሰዎች የአስመራው ሰው እያሉ ይጠሩት ነበር። በሜዳችን ስም ሰጠነው፤ በጎረቤታችን ሜዳ ደግሞ ስሙን በእኛው ላይ አጸናው። ውዳሴ አድልዎ ካላወቀ ለፖኩም ይድረሰው።

ከ1974 ዓ.ም. በኋላ ኢትዮጵያ ከአፍሪካ ዋንጫ ጠፋች። ስለዚያ ዘመን ብዙ አልናገርም፤ የሚወደስ ነገር አጥቼ ሳይሆን፣ ውዳሴ በጾም ቀን አያምርምና።

ወደ 2004 ዓ.ም. ልለፍ። አሰልጣኙ ሰውነት ቢሻው ናቸው፤ ቡድኑም በጎንደር ምድር በስሜን ተራሮች ካልሆነ በቀር በዓለም ላይ በማይገኘው እንስሳ ስም ዋልያዎቹ ተባለ። በአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ቤኒን ከሜዳችን 0 ለ 0 ወጣች፤ በሜዳዋ 1 ለ 1 ሆነች፤ እኛም ከሜዳ ውጭ ባገባናት በአንዲት ጎል አለፍን። ቀጣይዋ ተጋጣሚ ደግሞ መተማ ሆይ፣ የማዶዋ ጎረቤትሽ ሱዳን ነበረች።

በጳጉሜን፣ ዓመቱ ሊያልቅ የቀናት ዕድሜ ሲቀረው፣ በሱዳን ሜዳ 5 ለ 3 ተሸነፍን። አምስት ጎል የተቆጠረበት ቡድን አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል፤ የጋዜጠኛውም ብዕር ስለ አምስቱ እንጂ ስለ ሦስቱ አይጽፍም። እኔ ግን ያን የተሸነፍንበትን ጨዋታ፣ የተሸነፍንበትን እላለሁ፣ በዘመኔ ካየኋቸው የኢትዮጵያ ጨዋታዎች ሁሉ አስበልጬ አወድሰዋለሁ። ለምን ቢሉ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በመልሱ ጨዋታ አዳነ ግርማ አገባ፤ ሳላዲን ሰይድ ደገመ፤ 2 ለ 0 ሆነ። የደርሶ መልሱ ድምር 5 ለ 5። ሕጉ ታዲያ ከሜዳ ውጭ ያገባውን ያስቀድማል። ሱዳን በእኛ ሜዳ አንድም አላገባችም፤ እኛ በእሷ ሜዳ ሦስት አግብተናል። በሽንፈት ቀን የተቆጠሩት፣ ማንም ያላጨበጨበላቸው እነዚያ ሦስት ጎሎች፣ ከአንድ ወር በኋላ ተነሥተው የሠላሳ አንድ ዓመት በር ከፈቱ። ግቦች ሆይ፣ የተገባችሁበት ቀን የሐዘን ቀን የሆነባችሁ፣ አግቢዎቻችሁ እንኳ እጃቸውን ሳያወዛውዙ ኳሷን ከመረብ አንሥተው ወደ መሐል ሜዳ የሮጡባችሁ፣ ክብር ለእናንተ ይሁን!

ከዚያም ቀኗ ራሷ ተመለሰች። ዋልያዎቹ ወደ ደቡብ አፍሪካ ወርደው በኔልስፕሩት ከተማ የመጀመሪያ ጨዋታቸውን ያደረጉት ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው፤ ሉቺያኖ ዋንጫውን ካነሣበት ዕለት ልክ በሃምሳ አንደኛው ዓመት። ተጋጣሚያቸው የዋንጫው ባለቤት ዛምቢያ ነበረች። ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። ከዕረፍት በፊት ኮሊንስ ምቤሱማ አገባብን። አሥር ሰው ሆነው ወደ ሜዳ የተመለሱት ልጆች ግን በ65ኛው ደቂቃ በአዳነ ግርማ እግር አቻ ሆኑ፤ ሻምፒዮኗንም 1 ለ 1 ያዟት። በምድቡ መጨረሻ ከናይጄሪያ ጋር ደግሞ ሌላ ብርቅ ታየ። ግብ ጠባቂው ሲሳይ ባንጫ በቀይ ካርድ ሲወጣ የተጫዋች ቅያሪ አልቆ ነበርና የሜዳ ተጫዋቹ አዲስ ህንጻ የግብ ጠባቂ ጓንት አጥልቆ በሁለቱ ብረቶች መካከል ቆመ። አዲስ ሆይ፣ በማያውቀው ዙፋን ላይ ለጥቂት ደቂቃ የተቀመጠ ሁሉ ባንተ ይጽናና።

የመጋቢት 21 ቀን 2013 ዓ.ም. ነገር ደግሞ በሰው አእምሮ የሚታሰብ አይደለም። በአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ አቢጃን ላይ አይቮሪ ኮስት 3 ለ 1 እየመራችን ነው፤ ሌላው የምድባችን ጨዋታ፣ የማዳጋስካርና የኒጀር፣ 0 ለ 0 እየሄደ ነው። በ80ኛው ደቂቃ ገደማ ጋናዊው ዳኛ ቻርለስ ቡሉ ራሱን ስቶ ወደቀ። ተጫዋቾቹ ሮጠው ከበቡት፤ ጨዋታውም እዚያው ተቋረጠ። ሌላው ጨዋታ ያለ ጎል ሲያልቅ ኢትዮጵያ ማለፏ ታወቀ። በመጀመሪያው ዋንጫ ሳትጫወት ፍጻሜ የደረሰች አገር፣ በዚህኛው ጨዋታዋ ሳያልቅ አለፈች። ዳኛውም ተርፎ ከሐኪም ቤት መውጣቱ ከሁሉ ይበልጥ ያስመሰግናል፤ በሰው ነፍስ የተገዛ ማለፍ ማን ይሻል?

በዚያው ዓመት ጎንደርም ዘውድ ደፋች። ፋሲል ከነማ፣ አፄዎቹ፣ በአሰልጣኝ ሥዩም ከበደ መሪነት ለመጀመሪያ ጊዜ የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ ሻምፒዮን ሆኑ። በወረርሽኙ ምክንያት ሊጉ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ እየተዘዋወረ ነበር የተካሄደው፤ ስለዚህ አፄዎቹ በፋሲለደስ ሜዳ አንድም የሊግ ጨዋታ ሳያደርጉ የሊጉን ዘውድ ወደ ፋሲለደስ ከተማ አመጡ። በቆላው ከገንዳ ውሃ እስከ ሽንፋ ያለ ደጋፊያቸው ተደሰተ። የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር በዚያው ውድድር 29 ጎል አግብቶ የሊጉን ክብረ ወሰን መስበሩን እንኳ፣ በሌላ ዓመት ቢሆን ብቻውን ውዳሴ የሚያሻውን ነገር፣ ቆላው በደስታ ግርግር መሐል እንደ ዋዛ አሳለፈው።

ዘውዱም ዕዳ ይዞ መጣ። በመስከረም 2014 ዓ.ም. በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ቅድመ ማጣሪያ አፄዎቹን የደረሳቸው ተጋጣሚ ማን ሆነ? የኦምዱርማኑ አል-ሂላል! መተማ ማዶ፣ በገዳሪፍ ሻይ ቤቶች ስሙ ሲነሣ ሰው ለሁለት የሚከፈልበት፣ ከባላንጣው ከመሪኅ ጋር ሱዳንን እኩል የተካፈለው ሂላል። በባሕር ዳር 2 ለ 2 ተለያዩ። ኦምዱርማን ላይ 1 ለ 1 ተለያዩ። ድምሩ 3 ለ 3 ሆነ። ሕጉ ታዲያ ከሜዳ ውጭ ያገባውን ያስቀድማል፤ ሂላል በእኛ ሜዳ ሁለት፣ ፋሲል በእነሱ ሜዳ አንድ። ሱዳኖቹ አለፉ። በ2005 የወሰድነውን በዚያው ሕግ፣ በዚያው ሚዛን፣ ያለ አንዲት ሽንፈት፣ መልሰው ወሰዱት። አፄዎቹ ሳይሸነፉ ወደቁ፤ ሂላልም ሳያሸንፍ አለፈ። ቂም የለኝም። እንዲህ ባለ ሥርዓት የተከፈለ ዕዳ ከብዙ ድል ይልቅ ደስ ይላል።

ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ግን ማዶው በጦርነት ነደደ። ስንቱ የካርቱምና የኦምዱርማን ሰው ሻንጣውን ተሸክሞ፣ ልጁን በእጁ ይዞ፣ በዚህችው በመተማ በር ገባ። ሂላልና መሪኅም ከሜዳቸው ተፈናቀሉ፤ በ2017 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ሊጋቸውን የተጫወቱት የአህጉሩ ሌላ ጫፍ ላይ ካለችው ከሞሪታንያ ክለቦች ጋር ነበር። የአገር ደርቢ በእንግዳ አገር ሊግ ውስጥ! ይህም ብርቅ ነው፤ እንዲህ ያለው ብርቅ ግን አይደገምብን።

እንግዲህ ምርቃት ላይ ደርሻለሁ፤ ቆላው አሜን በል። ሂላልና መሪኅ ወደ ኦምዱርማን ሜዳቸው ይመለሱ። የጋላባት መንገድ ለስደተኛ ሳይሆን ለደጋፊ ጭነት መኪና ይጥበብ። አፄዎቹ በፋሲለደስ ሜዳ የአፍሪካ እንግዳ ይቀበሉ፤ የሰሊጥ ዋጋ ይክበድ፤ ዝናቡ በወቅቱ ይዝነብ፤ የገንዳ ውሃ ሕፃናት ሜዳ የሣር ምንጣፍ ይልበስ። ደግሞም ሒሳቡ ይታወቅ። በእነዚያ ሁለት ፍልሚያዎች፣ አንዴ በአገር ማሊያ፣ አንዴ በክለብ ማሊያ፣ ሱዳን በእኛ ላይ አምስትና ሦስት፣ ስምንት ጎል አገባች፤ እኛም በሱዳን ላይ አምስትና ሦስት፣ ስምንት ጎል አገባን። አንድ ጊዜ እኛ አለፍን፤ አንድ ጊዜ እነሱ። ስምንት ለስምንት ነን፤ ዘጠነኛዋ ገና አልተገባችም።